ካሣው ከማን ይከፈል?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የሚገኘውን የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ለልጆች ያስተማረ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሁሉ አንድ ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። ልጆቹ የሚያዝኑት ከጧት ጀምሮ ለደከሙት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታውና አንድ ሰዓት ብቻ የሠራው እኩል አንድ ዲናር ሲቀበሉ «ይህማ አድልዎ ነው!» ይላሉ። ከመካከላቸው አስተዋይ ልጅ ካለ ግን፣ የኋለኞቹ ሥራ ፈትተው የቆሙት ሰንፈው ሳይሆን ቀጣሪ አጥተው እንደ ነበረ ያስታውሳል።

ይኸው ክርክር በታላላቆችም ዘንድ አለ። በአሜሪካ በኮሌጅ መግቢያና በሥራ ቅጥር ጉዳይ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው አፈርማቲቭ አክሽን የተባለው አሠራር፣ በእኛ አገር ሕግ የድጋፍ እርምጃ ተብሎ ይታወቃል። በዘራቸው ወይም በጾታቸው ምክንያት በር ተዘግቶባቸው ለኖሩ ወገኖች ልዩ ግምት መስጠት ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ ውስጥ ቃሉ ሲገባ ትርጉሙ ጠባብ ነበር፤ ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸው አሠሪዎች ያለ ዘር ልዩነት መቅጠራቸውን በተግባር እንዲያረጋግጡ የሚያዝ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ፕሬዚዳንት ጆንሰን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር፣ ለብዙ ዘመን በሰንሰለት ታስሮ የኖረን ሰው ፈትቶ ወዲያው በሩጫ መስመር ላይ ማሰለፍ ፍትሕ እንደማይሆን አስረዱ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከበደ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 መቀመጫዎች 16ቱን ለአናሳ ወገኖች ለይቶ ይይዝ ነበር። ሁለት ጊዜ አመልክቶ ያልተቀበሉት አለን ባኪ የተባለ ነጭ ተማሪ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. መቀመጫ በቁጥር ለይቶ መያዝን አገደ፤ ዘርን ከብዙ ነጥቦች እንደ አንዱ መመልከትን ግን ፈቀደ። ይህ ሚዛን በሰኔ 2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ላይ በተሰጠው ፍርድ ፈረሰ። በሥራ ቅጥርም በኩል ጆንሰን በ1965 ያወጡት ትእዛዝ በጥር 2025 ተሽሯል።

በዚህ ክርክር ውስጥ የወንጌሉን ምሳሌ እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱ አሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ያግደኛል። የወይኑ ጌታ የሰጠው ከራሱ ገንዘብ ነው፤ ከጧት የገቡት ሰዎች ከተዋዋሉት ዲናር ምንም አልጎደለባቸውም። የኮሌጅ መቀመጫ ግን የተቆጠረ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል፤ የሚቀረውም ማንንም ያልበደለ፣ ሌሊቱን በጥናት ያሳለፈ የድኃ ልጅ ሊሆን ይችላል። የድጋፍ እርምጃን የምንደግፍ ሰዎች ይህን ልጅ እንዳላየን ሆነን ማለፍ አይገባንም።

የአሜሪካ ካቶሊካውያን ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ስለ ኢኮኖሚያዊ ፍትሕ ባወጡት መልእክት፣ የቀድሞው አድልዎ ውጤት ባልጠፋበት ሁሉ ኅብረተሰቡ ያን የማረም ግዴታ እንዳለበት፣ በማስተዋል የሚመራ የድጋፍ እርምጃም የእውነተኛ ፍትሕ መግለጫ ሊሆን እንደሚችል አስተምረዋል። «በማስተዋል» ማለታቸው በከንቱ አይደለም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ በሱማ ቴዎሎጂያ ውስጥ ፊት አይቶ ስለ ማድላት ያስተማረው እዚህ ላይ ይረዳናል። አንድን ሰው በቂ ዕውቀት ስላለው በመምህርነት መሾም ተገቢውን ምክንያት ማየት ነው፤ ጴጥሮስ ወይም ማርቲን ስለ ሆነ ብቻ መሾም ግን ማድላት ነው። የሥጋ ዝምድናም ርስት ለመውረስ በቂ ምክንያት ሲሆን ለቤተ ክርስቲያን ሹመት ግን አይሆንም ይላል። የቆዳ ቀለም ብቻውን ሰውን ለሐኪምነት አያበቃም የሚሉ ሰዎች ከዚህ ድጋፍ ያገኛሉ። ነገር ግን ትምህርቱ በሁለት ወገን የተሳለ ነው። በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ወላጁ በዚያው የተማረ አመልካች በዝምድናው ብቻ ብልጫ ሲያገኝ ኖሯል። የ2023ቱ ፍርድ ይህን አልነካውም፤ እርግጥ ነው፣ ጥያቄው ለፍርድ ቤቱ አልቀረበለትም። ቢሆንም የባሪያ ዘር ለሆነው የሚደረገው ተከልክሎ ለተመራቂ ልጅ የሚደረገው ሲቀጥል፣ ሚዛኑ ቀጥ ብሎ አይታየኝም።

የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ከዚህ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1838 ዓ.ም. በሜሪላንድ የነበሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባቶች 272 ባሮቻቸውን፣ ሕፃናትንም ጭምር፣ በሉዊዚያና ላሉ ባለ እርሻዎች በ115,000 ዶላር ሸጡ። ከገንዘቡ ከፊሉ የጆርጅታውን ኮሌጅን ዕዳ ለማቃለል ዋለ። ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ የባሪያ ንግድን ያወገዙት በተከታዩ ዓመት ነበር። የተሸጡትም ሰዎች የተጠመቁ ካቶሊካውያን ይገኙባቸው ነበር! እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው የእነዚያ ሰዎች ዘሮች ለመግባት ሲያመለክቱ ለተመራቂዎቹ ልጆች የሚሰጠውን ግምት ያህል እንደሚሰጣቸው አስታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት በይፋ ይቅርታ ተጠየቀ፤ አንድ ሕንፃም በሽያጩ ዝርዝር ላይ በመጀመሪያ በሰፈረው በይስሐቅ ሃውኪንስ ስም ተሰየመ።

ይህን ውሳኔ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ፤ ባለ ዕዳው ራሱን ባለ ዕዳ ብሎ ጠርቷልና። ለቤቱ ልጆች ይሰጥ ከነበረው ክብር ቆርሶ ሰጠ፤ ቤቱን ያቆሙት በእነዚያ ሰዎች ዋጋ ነበርና እነርሱም የቤቱ ልጆች ናቸው። ዘኬዎስም አራት እጥፍ የመለሰው ከራሱ ሀብት ነው፤ ጎረቤቱን ክፈልልኝ አላለም። ካሣ ሲከፈል በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በበደሉ የተጠቀመው ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ መለኪያ ሌላ መልክ ይይዛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው ታሪክ የወረሱት ጉዳት እንዲታረምላቸው የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት ሰጥቷቸዋል። በዩኒቨርሲቲ መግቢያም ለሴቶች ዝቅ ያለ ነጥብ ሲቆረጥ ቆይቷል። «በድጋፍ የገባች» የሚለው ሽሙጥ የሚጎዳቸው እኅቶች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ትምህርቷን በሚገባ ጨርሳ እንኳ ሽሙጡ የማይለቃት አለች።

በቁምስናችን ለሜሮን የሚዘጋጅ አንድ ወጣት ስለዚሁ ጠየቀኝ። እኅቱ ከእርሱ ባነሰ ነጥብ መመደቧ አንገብግቦት ነበር። በቤት ውስጥ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደ ነበረ ጠየቅሁት። «እርሷ ናት» አለኝ። እንጀራ የምትጋግረውስ? አሁንም እርሷ ናት። ጥቂት ዝም ብሎ «እኔ ግን እንድትቀዳ አላዘዝኋትም» አለ። እውነቱን ነው፤ ያዘዛት የለም። እርሱ መጽሐፉን ይዞ በተቀመጠባቸው ሰዓታት ግን እርሷ እንስራ አዝላ ከምንጩ ወረፋ ላይ ነበረች።