ትዕማርን ማን ሰማት?



በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር በአባቷ ልጅ በአምኖን ተደፈረች። ጉዳቷን አልደበቀችም፤ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀዳ እየጮኸች ወጣች። ወንድሟ አቤሴሎም ግን ዝም እንድትልና ነገሩን በልቧ እንዳትይዘው ነገራት። አባቷም ተቆጣ፤ ከቁጣው ግን ለእርሷ የተረፋት ነገር የለም። አቤሴሎም እኅቱን የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አምኖንን አስገድሏል። ለበቀል ትዕግሥት ነበረው፤ እርሷን ለመስማት ግን አልነበረውም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከመቶ 10 ያህሉ የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ብዙ እኅቶቻችን ከመደፈራቸው በፊት ነው። ከእነዚህ አንዷ ከፖሊስ አስቀድማ ወደ ነርሷ፣ ወደ ደናግል ወይም ወደ እናንተ ልትመጣ ትችላለች።

እንግዲህ መስማት ሥልጠና ይሻል። በቁምስናችሁ ሥልጠና ሲዘጋጅ ንግግር ማድመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱት። የተጎዳች ሴት ታሪኳን በቅደም ተከተል ላትነግራችሁ፣ ያለ እንባም ልትናገር ትችላለች፤ ይህ የሐሰት ምልክት አይደለም፤ ድንጋጤ ትዝታን ይበታትናል። «ለምን አልጮኽሽም?» አትበሏት፤ በዚያች ሰዓት ሰውነታቸው የሚደርቅ ብዙዎች ናቸው። ደጋግማ እንድትተርክም አታስገድዷት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ ከፈቀደች ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል አብራችኋት ሂዱ። የሰማችሁትን ያለ ፈቃዷ ለቆሞሱም ቢሆን አትንገሩ፤ ሕፃን ከሆነች ግን ዝምታ አይፈቀድም።

ስለ ሽምግልና አንድ ነገር መባል አለበት። ጠላፊ የጠለፋትን ሲያገባ ከክስ ነጻ ያደርገው የነበረው ድንጋጌ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ቀርቷል፤ በአንዳንድ ሽማግሌዎች ልብ ግን ገና አልቀረም። ይቅርታን የምናስተምር እኛም ይቅር እንድትል ባናጣድፋት ይገባል፤ የአጥፊው ንስሐ የእርሷ ዕዳ አይደለምና።

ስትቀመጡ በሩ የሚታያት ቦታ ስጧት። ልትጸልዩላት ብትወዱም፣ በራሷ ላይ እጃችሁን ከመጫናችሁ በፊት ፈቃዷን ጠይቁ፤ እንቢ ብትል ባላችሁበት ሆናችሁ ጸልዩ።