የማይከፈተው መስኮት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መስኮት ለምን ይጠቅማል ተብለን ብንጠየቅ ብርሃንና አየር ያስገባል ብለን ቶሎ እንመልሳለን። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት መልሳችን ይኸው ነበር። አሁን ግን ስለ መስኮት እንደ ገና እንድንማር ያደረገንን ነገር ልናካፍላችሁ ወደድን። ነገሩ በከፊል የሚያስደስት፣ በከፊልም የሚያሳፍረን ነው።

በአጥቢያችን አንዲት አረጋዊት እናት አሉ። እግራቸው ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎአል፤ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ አይወርዱም። የሚኖሩባት የኪራይ ክፍል አንዲት መስኮት ብቻ ነበረቻት። ከአጠገብዋ ፎቅ ቤት ሲሠራ ግን እርስዋም እንዳልነበረች ሆነች፤ መዝጊያዋን ከፍቶ እጁን የሚዘረጋ ሰው ግንብ ይነካል። በቀትር መብራት ይበራል። እኛ እሑድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ እየሄድን ስንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ውጭ ፀሐይ ነው ወይስ ደመና?» ይሉን ነበር።

ከመካከላችን ምሕንድስና የሚማር አንድ ወንድም ይህን ሰምቶ አሳብ አመጣ፤ የቴሌቪዥን መስኮት እንሥራላቸው አለ። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛን። አናጢ ዘንድ ሄደንም ባለ አራት ዓይን የመስኮት ክፈፍ አሠራን። ክፈፉ ከቴሌቪዥኑ ፊት ጥቂት ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሰው ራሱን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ እንጨቱ ሥዕሉን በመጠኑ እየከለለ ስለሚገልጠው፣ ዓይን ሥዕሉን ከእንጨቱ ወዲያ የራቀ አድርጎ ይቀበለዋል። ከዚያም በመስከረም ወር መጨረሻ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥ ካሜራ በሰው ዓይን ቁመት ተክለን፣ ሳናንቀሳቅስና ሳናቀርብ ሳናርቅ፣ ጽዱንና በሩን አንድ ሰዓት ሙሉ ቀረጽን። በፍላሽ ጭነን፣ ሲያልቅ ከመጀመሪያው እንዲጀምር አድርገን፣ ስስ መጋረጃ ጋረድንበት። (የሚሳለመውን ሕዝብ ሳናስፈቅድ መቅረጻችን ትክክል እንዳልነበረ የገባን ዘግይቶ ነው።)

መጋረጃው ሲገለጥ እናታችን እጃቸውን ዘርግተው እልል አሉ። እኛም አለቀስን።

ይህ ሥራ በእኛ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ በጀመረው ዲዝኒ ድሪም በተባለው የመንገደኞች መርከብ፣ ባሕር በማይታይባቸው የውስጥ ክፍሎች ክብ የቴሌቪዥን መስኮት ተደርጎ፣ በመርከቡ ውጭ የተተከሉ ካሜራዎች ባሕሩን ያሳዩ ነበር። የኤምሬትስ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ2017 በአንዳንድ ቦይንግ 777 አውሮፕላኖቹ መካከለኛ ክፍሎች እንዲሁ አድርጎአል። መስኮት የሌለውን ሰው ማሰብ መልካም ነው፤ ይህን የምንጽፈው ሥራውን ለመንቀፍ አይደለም።

ሆኖም ኋላ ስናነብ ያገኘናቸው ሁለት ጥናቶች አሳሰቡን። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ መረመረ። በመስኮታቸው ዛፍ ያዩት የጡብ ግንብ ካዩት ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፤ የወሰዱትም ብርቱ ማስታገሻ አነስተኛ ነበር። ይህን ስናነብ ደስ አለን። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የፒተር ካንና የባልደረቦቹ ጥናት ግን ደስታችንን ቀነሰው። ዘጠና ሰዎችን ከፍለው፣ አንዳንዶቹን በእውነተኛ መስኮት፣ ሌሎቹን ያንኑ እይታ በሚያሳይ ቴሌቪዥን፣ የቀሩትንም በባዶ ግድግዳ ፊት አስቀመጡ። ከመጠነኛ ጭንቀት በኋላ የልብ ትርታቸው ሲለካ፣ በመስኮት ፊት የነበሩት ቶሎ ተረጋጉ። ቴሌቪዥኑ ግን ከባዶው ግድግዳ አልተሻለም፤ ሰዎቹ ደጋግመው ተመልክተውት ሳለ።

እኛ ግን የበደልነው በዚህ አይደለም። መስኮቱን ከሠራንላቸው በኋላ መሄዳችን ቀነሰ። ፈተና ደረሰ፣ መዝሙር ጥናት በዛ እያልን በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፤ ቀጥሎም ወር ሞላን። እርስ በርሳችንም «አሁንማ መስኮት አላቸው» እንባባል ነበር። እዚህ ላይ ራሳችንን ልንሸፍን አንፈልግም፤ ይህን ቃል ከመካከላችን ያልተናገረ የለም።

ከወር በኋላ ስንሄድ እናታችን ሌላ ነገር ሳያነሡ፣ «ልጆቼ፣ ያቺ ሴት ምን ሆና ነው?» አሉን። በቀረጽነው ሥዕል ውስጥ ነጠላ ያጣፋች፣ ጥቁር ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ የያዘች አንዲት ሴት በበሩ ትገባለች፤ ስትሳለምም ጃንጥላው ይወድቅባታል፤ ሳታነሣውም ብዙ ትቆያለች። እናታችን ቴሌቪዥን መሆኑን ያውቃሉ፤ ነገር ግን እንደ በዓል ሥርጭት በቀጥታ የሚተላለፍ መስሎአቸዋል። ሴትዮዋ በየሰዓቱ ስትመጣና በየሰዓቱ ጃንጥላዋን ስትጥል እያዩ፣ ትልቅ ኀዘን አለባት ብለው ወሩን ሙሉ ሲጸልዩላት ቆይተዋል።

አንባብያን ሆይ፣ ኖኅ በመርከቡ መስኮት የውኃውን መጉደል ለማወቅ ርግብ ላከ፤ ማረፊያ አጥታ ስትመለስም በዚያው እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ነቢዩ ዳንኤልም በባቢሎን ሳለ መስኮቶቹ ወደ ኢየሩሳሌም የተከፈቱ ነበሩ። ከባቢሎን ሆኖ ኢየሩሳሌምን ማየት የሚችል ዓይን የለም፤ እንግዲህ መስኮቱ የተከፈተው ለእይታ አልነበረም። ዘግቶ ቢጸልይ ኖሮ ምናልባት ማንም ባላወቀበት። በመስኮት እጅ ይወጣል፣ ጸሎት ይወጣል፤ አላፊ አግዳሚውም ወደ ውስጥ አይቶ «እንዴት አደሩ?» ይላል። እኛ ለእናታችን የሰጠናቸው እርሳቸው የሚያዩበትን እንጂ እርሳቸው የሚታዩበትን አልነበረም። እርሳቸው ግን በማይከፈተው መስኮት ጸሎታቸውን ሰደዱ፤ እኛ እግር እያለን ቀረን።

እውነቱን ነገርናቸው። ሥዕሉ የአንድ ማክሰኞ ጠዋት መሆኑን፣ ሴትዮዋም አንድ ጊዜ ብቻ መጥታ መሄዷን አስረዳናቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ዛሬ ማን እያያት ነው?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሆነን ተራ ገብተናል፤ ቅዳሜ ጠዋትም በወንበር ተሸክመን ደጅ ፀሐይ እናሞቃቸዋለን። ጎረቤቶች ቡና ማውጣት ጀምረዋል። ቴሌቪዥኑን እናንሣው ብንላቸው ግን፣ ሴትዮዋ እስክትገኝ አይሆንም ብለዋል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ፦ ቁመቷ መካከለኛ የሆነ፣ እጀታው የተጠገነ ጥቁር ጃንጥላ የምትይዝ፣ በማክሰኞ ጠዋት ለመሳለም የምትመጣ እናት የምታውቁ ካላችሁ፣ ከጉባኤ በኋላ በአዳራሹ በር ለምንቆመው ለእኛ ንገሩን። ስሟን ብቻ ብታውቁም ይበቃል፤ እናታችን በጸሎት ጊዜ በስሟ ሊጠሯት ይፈልጋሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።