ዕዳው የሁለት፣ ስሙ የአንድ

አበው «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይላሉ። እሺ፣ ይቀዳ። እኔን ዛሬ የያዘኝ ከተቀዳ በኋላ ያለው ነገር ነው። ባልና ሚስት ቤት ይጋራሉ፤ መሬት ይጋራሉ፤ ከብት ይጋራሉ፤ ዕዳም ይጋራሉ። ታማኝነትንስ ይጋራሉ? አንዱ በስሙ ተበድሮ ሌላው ለፍቶ ከከፈለ፣ «ይህ ሰው ቃሉን አክባሪ ነው» የሚለው ምስክርነት የማን ነው?

ጥያቄው የሥራ ፈት ፍልስፍና ከመሰለዎት እስቲ ወደ ሰቆጣ እንውጣ። የዋግ ኽምራ ገበሬ የሚያርሰው ድንጋያማ ተዳፋት ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። እንዲህ ባለ አገር ብድር ቅንጦት አይደለም፤ ከአንዱ ክረምት ወደ ሌላው መሻገሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (ሕዝቡ «አብቁተ» ይለው የነበረው) ለገጠሩ ሰው በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። ሕንፃም መኪናም የሌለው ሰው ማስያዣው ጎረቤቱ ነው። አንዱ ቢያቅተው ሌሎቹ ይጠየቃሉ። በሌላ አነጋገር፣ እዚያ የሚያዘው ንብረት ስም ነው።

አሁን አንድ ባልና ሚስት በሐሳባችን እናቁም። ባል በስሙ ተበድሮ ፍየሎች ገዛ። ሚስት አረባች፤ በጎን ጠላ ጠምቃ ሸጠች። የክፍያው ቀን ሲደርስ ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው፤ እሱም ወስዶ ከፈለ። ደረሰኙ በእሱ ስም ተቆረጠ። ሦስት ዙር እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ባል ሞተ፤ ወይም ተፋቱ። ሴትዮዋ ራሷ ልትበደር ስትሄድ መዝገቡ ስለ እሷ ምን ይላል? ምንም! ሦስት ጊዜ ከፍላ «አዲስ ደንበኛ» ናት።

ሕጉስ? አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ እኔ ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የፌዴራሉን ልጥቀስ። አንቀጽ 68 ከተጋቢዎቹ አንዱ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር ዛሬ አንዲት ፍየል አይገዛም፤ ሐሳቡ ግን አላረጀም።) አንቀጽ 70 ደግሞ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ነው ይላል፤ ከጋራ ንብረት ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዳቸው የግል ሀብትም ሊጠየቅ ይችላል። ግሩም ነው። ዕዳው ሚስትን ፈልጎ የሚያገኝበት መንገድ በደንብ ተጠርጓል። ዕዳውን በመክፈል የተገኘው መልካም ስም እሷን የሚያገኝበት መንገድ ግን አልተጠረገም። ሕጉ የሚቆጥረው ንብረትን ነው፤ መታመን ደግሞ በንብረት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ለድሃ ግን ከመታመን ሌላ ምን ንብረት አለው?

ስነ ጽሑፍ ያስተማርኩባቸው ዓመታት እዚህ ላይ ኢብሰንን ያስታውሱኛል። እ.ኤ.አ. በ1879 በታተመው «የአሻንጉሊት ቤት» ተውኔት ኖራ የታመመ ባሏን ለማዳን በምስጢር ትበደራለች፤ በዚያ ዘመን ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልምና የአባቷን ፊርማ አስመስላ ትፈርማለች። ብዙ ሰው የሚያነሣው ፎርጅዱን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከቀለቧና ከልብሷ እየቆጠበች፣ ሌሊት ጽሑፍ እየገለበጠች ዕዳዋን መክፈሏ ነው። ለዓመታት ታማኝ ከፋይ ነበረች፤ ለማንም ግን መናገር አትችልም። ጥፋቷ ሰነድ ነበረው፤ ታማኝነቷ ግን ምስክር አልነበረውም።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ እንኳ በባላቸው ስም በተከፈተ ሂሳብ ሲገዙና ሲከፍሉ የኖሩ ሴቶች፣ ሲፈቱ ወይም ባል ሲሞትባቸው የብድር ታሪክ የሌላቸው ሆነው ይገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ በጾታና በጋብቻ ሁኔታ ብድር መከልከልን አገደ፤ ተከትሎት የመጣው ደንብም ባልና ሚስት የሚጠቀሙበት ሂሳብ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ አዘዘ። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ክሬዲት ካርድ ሲጋሩ የሚጋሩት ካርዱን ብቻ ሳይሆን ይህን ታሪክ ጭምር ነው።

«ታዲያ ክፉውም ስም አብሮ ይመጣል እኮ!» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ባል ሳያማክራት ተበድሮ ጠላ ቤት የጨረሰውን ገንዘብ ሚስት ላይ መለጠፍ ግፍ ነው። ስለዚህ ስምን በጅምላ ማካፈል መፍትሔ አይሆንም። መለኪያው ፈቃድና ድካም ይመስለኛል፤ አውቃ የተስማማችበት ዕዳ ላይ ኃላፊነቱ እንደሚደርሳት ሁሉ፣ የከፈለችው ዕዳ ላይ ምስጋናው ይድረሳት። ሚዛኑ በአንድ በኩል ብቻ ከደፋ ሚዛን አይባልም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ «በትዳር ውስጥ የእኔ የአንተ ምን አመጣው?» የሚል። የሚናቅ አይደለም። በየማታው ሂሳብ የሚተሳሰብ ቤት ቤት አይሆንም። ነገር ግን የምንነጋገረው ባልና ሚስት እርስ በርስ ስለሚይዙት መዝገብ አይደለም፤ ሌላው ሰው ስለ እነሱ ስለሚይዘው ነው። ያገራችን ሰው ሰማንያ ሲታሰር እማኝ ማቆሙ ፍቅሩን ስለ ተጠራጠረ ነው? አይደለም። ክፉ ቀን ሲመጣ የሚናገር አንደበት እንዲኖር ነው። ክፉ ቀን ደግሞ ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲገባ ስንቱ አባወራ ከቤቱ ተለየ፣ ስንቷ ሴት ልጆቿን ይዛ ብቻዋን ቀረች።

የሚቻል መሆኑንም አይተናል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይዟል። ትዳር በፎቶግራፍ አልፈረሰም። የብድር ደብተርም እንዲሁ ሁለት ስም ቢይዝ፣ ክፍያ ሲገባም ሁለቱ ቢፈርሙ ማንን ይጎዳል? እስከዚያው ድረስ ግን አንዲት መበለት ልትበደር ስትመጣ፣ ለባሏ ዋስ የነበሩት ጎረቤቶች ይጠየቁ። ፍየሉን ማን እንዳረባ፣ ብሩ ከማን መቀነት እንደወጣ ያውቃሉ። ዕዳ ለማስከፈል ሲሆን እሷን የማያጣት መዝገብ፣ ለምስክርነት ሲሆን ለምን ትጠፋበታለች?