ገዳዩን ለማወቅ አምስት መቶ ገጽ

አንድ የደልጊ ወዳጄ የኡምቤርቶ ኤኮን «የጽጌረዳ ስም» አንብቦ ሲጨርስ ተናደደ። «ገዳዩን ለማወቅ አምስት መቶ ገጽ! ከዚህስ አውጫጭኝ ይሻላል» አለኝ። ቅሬታው ቀልድ ቢኖርበትም ከበድ ያለ ጥያቄ ያስነሳል፤ አንድ መጽሐፍ «ረዘመ» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1980 በጣሊያንኛ ታትሞ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ ነው። ዘመኑ 1327፣ ቦታው ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ያለ ገዳም ነው። መነኮሳቱ በየተራ ይሞታሉ፤ ዊልያም የተባለ እንግሊዛዊ መነኩሴ ሰባት ቀን ሙሉ ምስጢሩን ያነፈንፋል። ኤኮ እንደጻፈው፣ የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች እንዲያሳጥር ወዳጆቹና አሳታሚዎቹ ቢመክሩት እምቢ አለ። ወደ ገዳሙ ለሚገባ አንባቢ እነዚያ ገጾች እንደ ንስሐ ናቸው ባይ ነው። (ንስሐ የሚሰጠው ለበደለ ሰው ነው፤ ምስኪን አንባቢ ምን በደለ? እዚህ ላይ ከወዳጄ ጋር ነኝ።)

አርስቶትል በሥነ ግጥም መጽሐፉ የታሪክ ርዝመት ልኩ ትውስታ ነው ይላል። ጠቅላላው በአእምሮ እስከተያዘ ድረስ ረጅሙ ይበልጥ ያምራል። በኤኮ ገዳም ሰው የሚያልቅበትም የዚሁ መጽሐፍ ጠፍቷል የሚባለው ሁለተኛው ክፍል መሆኑ ይገርማል። ለእኔ ግን ትውስታ ብቻውን አይበቃም፤ አንባቢው የሚጠብቀው ነገርም ልክ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» መጨረሻውን በሽፋኑ ላይ ተሸክሞ ነው የወጣው፤ ገጹም ከአምስት መቶ በላይ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰው ጆሮውን የሰጠው ማን እንደሚሞት ለማወቅ ጓጉቶ አልነበረም። የግድያ ምስጢር ልቦለድ ግን አንድ ስም ልነግርህ ነው ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ስሙን የማያቀርብ ገጽ ሁሉ መንገድ መዝጋት ይመስላል።

የወዳጄ አውጫጭኝ እዚህ ላይ ይመጣል። ድሮ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ መበተን አልነበረም፤ እርሻው ጌታውን ሲጠብቅ ይውል ነበር። አሰልቺ ነበር፣ በደልም ነበረበት። ቢሆንም ሟቹ የጎረቤት ልጅ ነው፤ የገዳዩ ስም ሲወጣም ነገሩ አያልቅም። በገጠሩ አገራችን ገዳዩ ብዙ ጊዜ ይታወቃል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ደመኛ የሆኑ ሁለት ቤቶች በአንድ ገበያ እንዴት ይውላሉ? ሽማግሌ በማን በኩል ይገባል? መስቀል የያዘው ካህን የማንን ደጅ ቀድሞ ይረግጣል? ካሳውስ? የልቦለድ መርማሪ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄደው ልክ እዚህ ጋ ሲደርስ ነው።

ወዳጄን የመጽሐፉን የትኛውን ክፍል እንደዘለለ ጠየቅሁት። «ክርክሩን» አለ። ክርስቶስና ሐዋርያት የራሳቸው ንብረት ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም እያሉ የሮማው ጳጳስ መልእክተኞችና ፍራንሲስካውያን የሚሟገቱበትን ማለቱ ነው። በዚህ ተለያየን። ከደልጊ የጣናን ዳር ይዞ የሚደረስበት ጎርጎራ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ኢየሱሳውያን የከተሙበት፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈበት ነው። የክርክሩ ጉዳይ ሌላ ይሁን እንጂ፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው ሙግት አገሩን አዋግቶ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ንጉሡ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። እነዚያን ሟቾች ማን ገደላቸው? በአሻራ አይገኝም። ወዳጄ «ወሬ ማብዛት» ብሎ ያለፈው ገጽ ከመጽሐፉ ሁሉ ለደጃፉ የቀረበው ነበር።

ኤኮም ለገዳዩ ስም እምብዛም ግድ አልነበረውም፤ ዊልያም ገዳዩ ዘንድ የደረሰው በተሳሳተ ግምት ተመርቶ ነው። ጥፋቱ ያለው አጠራሩ ላይ ይመስለኛል። ስም እሸጣለሁ ብሎ ጠርቶ ዘመን ሸጠ። ሸቀጡ ከማስታወቂያው ይበልጣል፤ ገዢው ግን የተታለለ ቢመስለው አልፈርድበትም።

ስለዚህ ገና ያላነበባችሁትን ልገላግላችሁ። በገጾቹ ላይ መርዙን የቀባው ሆርሄ የተባለው ዓይነ ስውር አዛውንት መነኩሴ ነው። አሁን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ፤ ክርክሩንም አትዝለሉ።