አበባ ለማየት ብቻ

በሰሜን ሕንድ፣ በኡታራክሃንድ ግዛት፣ በጋርህዋል ተራሮች መካከል «የአበቦች ሸለቆ» የሚባል ቦታ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 3,300 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምርና ወደ በረዶው ይዘልቃል። ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ በረዶ ተጭኖት ይከርማል። በረዶው ቀልጦ ዝናቡ ሲገባ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአበባ ዓይነቶች በየተራ ይፈነዳሉ፤ አንድ ሳምንት ሐምራዊ የነበረው መስክ በሌላው ሳምንት ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ ይገኛል። በእነዚሁ ሳምንታት ከዴልሂ፣ ከሙምባይ፣ ከቤንጋሉሩ ሴቶች ብቻ የሆኑ የእግር ተጓዥ ቡድኖች ይመጣሉ። የባንክ ሠራተኛ አለች፣ አስተማሪ አለች፣ ጡረታ የወጣች አለች፣ ልጆቿን ድራ ቤቱ ጭር ያለባት አለች። አብዛኞቹ ተራራ መውጣት ልማዳቸው አይደለም። የሚሄዱበት ጉዳይም ለጎረቤት ለማስረዳት ያስቸግራል፤ አበባ ለማየት ነው።

አንዲት ሴት ቤቷንና ሥራዋን ትታ፣ የማይበላና የማይሸጥ ነገር ለማየት የቀናት መንገድ ብትሄድ ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው «ምን ነውር አለው!» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚመልሰውም እንዲሁ ነው። ግን ነውር የለውም ማለት አንድ ነገር ነው፤ መልካም ነው ማለት ሌላ ነው። ለዚህ ጉዞ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው።

ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድ ራሱ ይህን ጥያቄ ያነሣል። ከጎቪንድጋት ተነሥቶ ጋንጋሪያ ወደምትባል ትንሽ የመንገደኛ ሰፈር በእግር ወይም በበቅሎ የሚወጣው ሰው አብዛኛው አበባ ፈላጊ አይደለም። ሄምኩንድ ሳሂብ ወደሚባለው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሐይቅ ዳር ወዳለው ቤተ መቅደስ የሚሄድ የሲክ ሃይማኖት ምእመን ነው። ከጋንጋሪያ ጥቂት አለፍ ሲል መንገዱ ይከፈላል፤ ግራው ወደ አበባው፣ ቀኙ ወደ መቅደሱ። ወደ ቀኝ የምትታጠፈውን ሴት ማንም «ለምን?» አይላትም። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ብትወጣ ትመሰገናለች፤ ብትወድቅም ለእምነቷ ነው ይባላል። ወደ ግራ የምትታጠፈው ግን መልስ ማዘጋጀት አለባት።

ይህ ለአበሻ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት ስትጓዝ የኖረችው ምክንያት ይዛ ነው፤ ጠበል፣ ንግሥ፣ ለቅሶ፣ ማኅበር፣ የታረሰች ዘመድ መጠየቅ። መስከረም 21 ግሸን ለመድረስ ቀናት የምትጓዝ እናት «ሽርሽር ሄደች» አትባልም፤ መንገዱ ሁሉ አደይ አበባ ለብሶ ዐይኗ ሲጠግብ ቢውልም፣ ያ የመንገዱ ምርቃት እንጂ የጉዞው ምክንያት ተደርጎ አይቆጠርም። ባሕር ማዶም ልማዱ ተከትሎ ሄዷል። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ላለ የቤት ሠራተኛ ደግሞ ነገሩ ከወግ አልፎ ሕይወት ይሆናል። ገበያ ልትላክ ትችላለች፣ ሐኪም ቤት ልትወሰድ ትችላለች፤ «እንዲሁ ልውጣ» የሚለው ቃል ግን አያስኬዳትም። ሰው ያለ ምክንያት መውጣት የማይችል ከሆነ፣ በምክንያት ሲወጣም ነፃ ነው ለማለት ያስቸግራል። ምክንያቱን የሚመዝነው ሌላ ነውና።

እርግጥ በአገራችንም ሴቶች ብቻቸውን ተሰብስበው የሚወጡበት ቀን አለ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ የሂማላያው ሸለቆ በሚያብብበት ወር፣ ልጃገረዶች በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ ብለው ለምለሙን ቄጠማ ቆርጠው ወገባቸው ላይ ያስራሉ፤ እየጨፈሩም ሰፈሩን ያዳርሳሉ። እነዚያን ቀናት የት ነበርሽ የሚላቸው የለም። ነገር ግን ፈቃዱ የበዓሉ ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ፈቃዱም ያልፋል።

ተራራን በተመለከተ ሴቶች ያገኙት የመጀመሪያው ዓለማዊ ምክንያት ጫፉ ነበር። ጃፓናዊቷ ጁንኮ ታቤይ በ1969 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ) የሴቶች የተራራ ወጪዎች ክበብ መሠረተች፤ በ1975 ኤቨረስት ጫፍ ላይ በመቆም ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ለጉዞው ገንዘብ ስትለምን ቤትሽ ተቀምጠሽ ልጅሽን ብታሳድጊ ይሻልሻል ይሏት እንደነበር ተናግራለች። በ1984 ደግሞ የዚያው የጋርህዋል አገር ልጅ ባቼንድሪ ፓል ከሕንድ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና እዚያው ደረሰች። ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል። ሆኖም ጫፍ ማለት ለሚጠይቅ ሰው የተዘጋጀ መልስ ነው፤ ቁጥር አለው፣ ባንዲራ ይተከልበታል፣ ጋዜጣ ይጽፈዋል። የአበባው ሸለቆ ጫፍ የለውም። የሄደችው ሴት «ደረስኩ» የምትልበት ድንጋይ የለም፤ እግሯ ወይም ሰዓቷ እስከፈቀደላት ሄዳ፣ ሌሊት ማደር ክልክል ስለሆነ ከመምሸቱ በፊት ትመለሳለች። ስለዚህ ጉዞዋ፣ ከኤቨረስት እጅግ ቢቀልም፣ በአንድ በኩል የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የምታሳየው ማስረጃ የላትምና።

አማኑኤል ካንት በ1790 ባሳተመው ስለ ውበት ፍርድ በሚናገረው መጽሐፉ፣ የውበት ደስታ ከጥቅም የተለየ ነው፤ ልብላው፣ የኔ ይሁን፣ ይጥቀመኝ ከማለት ነፃ ነው ይላል። ነፃ ውበት ለሚለውም ምሳሌ አድርጎ ከሚጠራቸው አንዱ አበባ ነው። (ካንት ከተወለደባት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ ያልሄደ ሰው ነበር፤ ለአበባ ብሎ ተራራ አልወጣም።) በዚህ ሐሳብ ከሄድን፣ ሴቶቹ ወደ ሸለቆው የሚሄዱበት ነገር ጥቅም የሌለው መሆኑ ጉድለቱ ሳይሆን ክብሩ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ነገር መሣሪያ ሆኖ፣ ምግብ አብሳይ፣ ልጅ አሳዳጊ፣ ገንዘብ ላኪ ሆኖ ሲኖር፣ ለምንም ባልሆነ ነገር ፊት ለአንድ ቀን መቆሙ ራሱም መሣሪያ ብቻ አለመሆኑን ያሳየዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለቡድኑ ጥብቅና የሚቆም ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አያገኝም።

ችግሩ ከጥቅም ነፃ መሆን ጊዜና ጉልበት መጠየቁ ነው፤ ጊዜውና ጉልበቱም አንዳንዴ የሌላ ሰው ነው። ጉልበቷ የደከመ ተጓዥ «ካንዲ» በሚባል ቅርጫት ተቀምጣ በሰው ጀርባ ትወጣለች። ተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ከኔፓል ለሥራ የመጡ ናቸው፤ እነርሱም እንደ ብዙ አበሻ ከቤት ርቀው ብር የሚልኩ ሰዎች ናቸው። አበባው ሲታይ ተሸካሚውም አብሮ ያየዋል፤ ካንት የሚለውን ዓይነት ማየት ለማየት ግን ትንፋሹ መመለስ አለበት።

በዚያው አገር ያሉ የገጠር ሴቶች ጉዳይ ደግሞ ይከብዳል። የጋርህዋል ሴት ማጭድ ይዛ ለከብቶቿ ሣር ለማጨድ ገደል ላይ ትንጠለጠላለች፤ ሸክሟ ከላይ ሲታይ የሚራመድ የሣር ክምር ይመስላል። እግሩ ያንኑ ተራራ ይረግጣል፣ ዳገቱም ያው ዳገት ነው፤ የርሷን ግን የእግር ጉዞ ብሎ የሚጠራው የለም። ሣር ሲያጭዱ ወድቀው የሚሞቱ አሉ። በሸለቆው ውስጥ ተጓዦች ሁሉ የሚጎበኙት አንድ መቃብር አለ፤ በ1939 አበባ ስትሰበስብ ከድንጋይ ላይ ተንሸራትታ የሞተችው የእንግሊዛዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ የጆን ማርጋሬት ሌግ ነው። እህቷ በኋላ መጥታ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመችላት፤ የተጻፈበትም ቃል በእኛ መዝሙረ ዳዊት 120ኛው ላይ ያለው፣ ስለ ተራሮች የሚናገረው ነው። ሣር አጫጇ ሬሳዋ በእሳት ስለሚቃጠል መቃብር የላትም፤ ይህ የሃይማኖቷ ሥርዓት ነውና ማንም አይወቀስበትም። ታሪኳ ለተጓዦች የማይነገር መሆኑ ግን የሃይማኖት ሥርዓት አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ «ለሠራተኛዋ ሴት ተራራው መኖ ነው፤ ውበቱን የሚያየው ከተሜው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ስሕተት ነው። የዚያ አገር ሰዎች ብራህማ ካማል የሚባለውን የከፍታ አበባ ለናንዳ አምላካቸው መባ ያቀርባሉ። ናንዳ ደግሞ ሩቅ አገር የተዳረች ልጃቸው ናት፤ በየ12 ዓመቱ ወደ በረዶው፣ ወደ ባሏ ቤት፣ በታላቅ ጉዞ ይሸኟታል። ሴቶቹ የገዛ ልጃቸውን የሚሸኙ ያህል ያለቅሳሉ። ልጁን በኤርፖርት የሸኘ ሰው ይህ ይገባዋል። አበባውን ያዩታል፤ የሚያዩት ግን ከሣሩ፣ ከከብቱ፣ ከልጃቸው ሳይነጥሉ ነው። ለእነርሱ አበባ ይቀጠፋል፣ ይሰጣል፤ አደይ አበባ በእንቁጣጣሽ ተቀጥፎ ለጎረቤት እንደሚሰጠው። ሸለቆው ውስጥ አሁን መቅጠፍ ክልክል ነው።

ክልክሉ የመጣው በ1982 ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ስማይዝ በ1931 ከካሜት ተራራ ሲመለስ ሸለቆውን አይቶ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ካወጣለትና በ1938 መጽሐፍ ከጻፈለት በኋላ ዝናው ወጥቶ ነበር፤ እረኞቹ ግን ከርሱ በፊት በየበጋው በጎቻቸውን ያወጡበት ነበር። ፓርኩ ሲቋቋም ግጦሽ ቀረ። በአጎራባቹ የናንዳ ዴቪ ተራራ የሆነው ደግሞ ይብሳል። በ1974 በሬኒ መንደር ወንዶቹ በሌሉበት ዛፍ ቆራጮች ሲመጡ ጋውራ ዴቪና የመንደሩ ሴቶች ዛፎቹን በሰውነታቸው ከልለው አድነው ነበር፤ ቺፕኮ የሚባለው ንቅናቄ በዓለም የታወቀው ይበልጡን በነርሱ ነው። ዓመታት ሳይቆይ ናንዳ ዴቪም ፓርክ ሆኖ ተዘጋና ደኑን ያዳኑት ሰዎች ከግጦሻቸውና ከተሸካሚነት ገቢያቸው ተከለከሉ። እነዚያም ሴቶች ቡድን ነበሩ። የወጡት ለውበት አልነበረም፤ ውበቱ ዛሬ ካለ ግን ከእነርሱም የተነሣ ነው።

ተፈጥሮን ለማዳን ሰውን ማስወጣት የግድ ነው ወይ ለሚል፣ የኢትዮጵያ ተራሮች ሁለት መልስ ይሰጣሉ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከቦታቸው እንዲነሡ ተደረገ፤ ፓርኩም በ2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። በመንዝ ጓሳ ደግሞ የአካባቢው ሰው ለብዙ ትውልድ ሣሩን በራሱ ሥርዓት ሲዘጋና ሲከፍት ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም አልጠፉም። ሁለተኛው መንገድ የሚያስመሰግነው ተጠቃሚውን ራሱን ጠባቂ ስላደረገው ነው። በሂማላያም በሰርጉ ጠሪ ባይሆኑም የብዩንዳር ሰዎች ዛሬ ኮሚቴ አቋቁመው የመንገዱን ቆሻሻ ያጸዳሉ፣ ማረፊያ ቤት ይሠራሉ፣ በቅሎ ያከራያሉ። በጉ ቀርቶ የሚሰማራው መንገደኛ ሆኗል።

እንግዲህ የሴቶቹ ቡድን መሄዱ ትክክል ነው። ያለ ምክንያት የመሄድ መብት ለጥቂቶች ስለደረሰ ብቻ ሐሰተኛ አይሆንም፤ ለሁሉም ያልደረሰ ነገር ሁሉ ይቅር ከተባለ ማንበብ መቻልም በቀረ ነበር። ነገር ግን ነፃነቱን የገዛችበትን ዋጋ የማታይ ተጓዥ አበባውንም በግማሽ ነው የምታየው። ሻንጣዋን ቀለል ማድረግ፣ ተሸካሚውን በስሙ መጥራትና ሳይከራከሩ መክፈል፣ መቃብሩ ጋ ስትደርስ ስለ ሣር አጫጆቹም መጠየቅ፤ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ዕዳው በእነርሱ ተከፍሎ ያልቃል የሚል የለም።

ከግጦሹ መቅረት በኋላ በሸለቆው ፖሊጎነም የሚባል ቁመተ ረጅም ተክል እየተስፋፋ ሌሎቹን አበቦች ማፈን ጀመረ። አንዳንድ የዕፅዋት ሊቃውንት በጎቹ ይበሉትና ይረግጡት ስለነበር ነው አሉ፤ ሌሎች አልተስማሙም። ክርክሩ ሳይዘጋ የደን መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይቀጥርና ተጓዦቹ የሚያዩት አበባ እንዲተርፍ ተክሉን በእጅ ያስነቅላል።