ግድግዳውን ከመቀባታችን በፊት

ለተቸገረ ሰው መልካም ለማድረግ ስንነሣ በቅድሚያ የምንጠይቀው ብዙውን ጊዜ «ምን እንስጥ?» ብለን ነው። ገንዘብ ያለን ገንዘባችንን፣ ጊዜ ያለን ጊዜያችንን፣ ጉልበት ያለን ጉልበታችንን እንቆጥራለን። ከዚህ ጥያቄ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ እንዳለ ግን በአንድ ግድግዳ ምክንያት ተማርን። ነገሩ የሚያስመሰግነን አይደለም፤ ቢሆንም ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምሩ ወንድሞችና እኅቶች ይጠቅም ዘንድ ሳንሸሽግ እንጽፈዋለን።

በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት፣ ከቁምስናችን የተውጣጣን ዐሥራ ሁለት ሰዎች፣ ደናግል መጠለያ ላጡ ሴቶች ከከፈቱት ቤት ውስጥ አንዱን መኝታ ክፍል ለማደስ ፈቃደኞች ሆንን። በክፍሉ ዘጠኝ ሴቶች ያድራሉ። አንዳንዶቹ ለቤት ሠራተኝነት ከገጠር መጥተው ያለ ደመወዝ የተባረሩ፣ አንዳንዶቹ ከዐረብ አገር ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ለመግባት ያፈሩ፣ አንዳንዶቹም የባላቸውን ዱላ ሸሽተው የወጡ ናቸው። የክፍሉ ግድግዳ በእርጥበት ተልጧል፤ ማእዘኖቹ ሻግተዋል፤ የመስኮቱ መጋረጃ በሚስማር የተያዘ አሮጌ አንሶላ ነበር።

ገንዘብ አዋጥተን ባለሙያ አማከርን። የሚያፈሰው ቆርቆሮ ሳይጠገንና ግድግዳው ሳይደርቅ የሚቀባ ቀለም ከአንድ ክረምት በላይ እንደማይቆይ ስለ ነገረን፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጣራውን አስጠገንን፤ ሻጋታውን በበረኪና አጠብን፤ የተላጠውንም ቀለም ፋቅን። በሁለተኛው ቅዳሜ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልተን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ አንድ ወገን ግድግዳ ቀባን። ቀለሙን የመረጥነው እኛ ነን፤ ለሴቶች ይስማማል ብለን ሮዝ ገዛን። ሥራው እንዳይጓተት ሴቶቹ ቀኑን ውጭ እንዲውሉ ነገርናቸው። እነርሱም ነጠላቸውን ተከናንበው ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዋሉ።

ማታ ሲመለሱ አመሰገኑን፤ መረቁንም። ከመካከላቸው አንዲቱ ግን ወደ አልጋዋ ሄዳ በመዳፏ የተቀባውን ግድግዳ ዳሰሰች። ከዚያም ምንም ሳትናገር ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች። ቀለሙ ያልወደደችው መስሎን ዝም አልን።

ምክንያቱን ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ከደናግሉ አንዷ ለብቻችን ጠርተው ሲነግሩን ነው። ሴትየዋ ከተማ የገባችው ልጇን ከእናቷ ዘንድ ትታ ነው። አያቲቱ በፋሲካና በመስቀል የልጁን ቁመት በክር ትለካና ክሩን ወደ ከተማ በሚመጣ ሰው ትልክላታለች። እናት ክሩን ከወለሉ ጀምራ በአልጋዋ ራስጌ ባለው ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ትዘረጋና ጫፉ የደረሰበትን በእርሳስ ታሰምራለች። አዲስ ክር ሲመጣ በአሮጌው ልብስ ትሰፋበታለች፤ ልኩ ግድግዳው ላይ አለና። እኛ እድፍ መስሎን በብርጭቆ ወረቀት የፋቅነው አራት መስመር፣ ሳታየው ያደገው ልጇ የሁለት ዓመት ዕድገት ነበር።

ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። «አላወቃችሁም፤ ምን ታደርጉ?» አለችን። ጥቂት ዝም ብላም «ብትጠይቁኝ ግን እነግራችሁ ነበር» አለች። ከዚህ ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገረችም።

እንግዲህ በደላችን ምን ነበር? አሳባችን ክፉ አልነበረም። ገንዘባችንንም ጉልበታችንንም አልሰሰትንም። ይሁን እንጂ ድኻ የሆነ ሰው የራሱ የሆነ ነገር የለውም፣ ምርጫም የለውም ብለን ሳናስበው ወስነን ነበር። ቤት የሌላት ሴት ያቺን የአልጋዋን ራስጌ ግድግዳ ቤት አድርጋው ነበር፤ እኛም ሳናንኳኳ ገባንበት። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሰጠው አንድ ሕግ አለ፦ ለባልንጀራው ያበደረ ሰው መያዣ ለመቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ነገር ግን ውጭ ቆሞ ተበዳሪው ራሱ መያዣውን እስኪያወጣለት እንዲጠብቅ ያዝዛል። አበዳሪው መብት አለው፤ ገንዘቡም የእርሱ ነው። ሆኖም የድኻው ደጃፍ የድኻው ነው። ገንዘቡን የሚጠይቅ ሰው ከደጅ እንዲቆም ከታዘዘ፣ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰውማ ምን ያህል በትሕትና ሊቆም ይገባው ይሆን?

ጌታችንም በኢያሪኮ መንገድ ዐይነ ስውሩ በርጤሜዎስ ሲጮኽ በሰማ ጊዜ አስቀድሞ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። የዕውር ፍላጎት ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ማን አለ? እርሱ ግን ጠየቀ፤ መልሱንም ከሰውየው አፍ ሰማ። ስለዚህ ከ«ምን እንስጥ?» የሚቀድመው ጥያቄ «ምን ትሻላችሁ?» የሚለው ነው ማለት ነው። መጠየቅ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በፊታችን ያለው ሰው ፈቃድና አሳብ ያለው መሆኑን ማመን ነው።

በዚህ ሥራ ምክንያት ሌላም ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከቁምስናችን አንዳንዶች «የተራበ ሰው እንጀራ እንጂ ቀለም ይሻልን? ይህ ገንዘብ ለጤፍ ቢውል አይሻልም ነበርን?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው የንፉግ ሰው ጥያቄ ነው ብለን ልናቃልለው አንችልም፤ ብዙ ቅን ሰዎች የሚያነሡት ነውና። በቢታንያ አንዲት ሴት ሽቱ በጌታ ላይ ባፈሰሰች ጊዜም ሽቱው ከሦስት መቶ ዲናር በላይ ተሽጦ ለድኾች በተሰጠ ነበር ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበረና፣ ዋጋው የአንድ ዓመት ያህል ድካም ነው። ጌታ ግን ሴቲቱን እንዲተዋት አዘዘ፤ ያደረገችውንም ከመቃብሩ ጋር አያይዞ ተቀበለው። ሴቲቱ ሌሎቹ ያላስተዋሉትን አስተውላ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ሰው ሊሞት የቀረበ መሆኑን።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ለሰው ክብር የወጣ ገንዘብ ሁሉ ብክነት እንዳልሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ውብ የሆነ ስጦታ መልካም የሚሆነው ተቀባዩን የተመለከተ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ከፒተር ሞሪን ጋር በኒው ዮርክ የካቶሊክ ሠራተኞችን ማኅበር የመሠረተችውና እ.ኤ.አ. በ1980 ሜሪ ሀውስ በተባለው የሴቶች መጠለያ ውስጥ ያረፈችው ዶሮቲ ዴይ፣ በስጦታ የመጣላትን የአልማዝ ቀለበት ለአንዲት ምስኪን አሮጊት እንደ ሰጠች ይነገራል። ተሽጦ የቤት ኪራይ ቢከፈልላት ይሻል ነበር ላሏትም፣ ሴትየዋ ልትሸጠውም በጣቷ ልታደርገውም መብቱ የራሷ እንደ ሆነ መለሰች ይባላል። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ አጠገብ የሚገኘው የሚልዮሪ ቤተ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2019 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ፈቃድ ማደሪያ ለሌላቸው ሰዎች ተከፍቷል። ለባለጸጋ የተሠራ ያጌጠ ጣራ ለድኻ አይገባም የሚል አስተያየት በዚያ ስፍራ አልተቀበሉትም።

እንጀራ ለሆድ እንደሚያስፈልግ፣ ንጹሕ ግድግዳም ተዋርዳ ለኖረች ሴት ያስፈልጋታል። በሻገተ ክፍል የሚያድር ሰው ሳንባው ብቻ አይታመምም፤ ይህ ይበቃኛል፣ ከዚህ የተሻለ አይገባኝም ማለትንም ይለምዳል። ጥያቄው እንግዲህ ቀለም ወይስ እንጀራ አይደለም። ማን መረጠው? ለማንስ ደስታ ተቀባ? የሚለው ነው። ሮዙን የመረጥነው የእኛን ዐይን ለማስደሰት እንደ ነበር ዛሬ እናምናለን።

ስለዚህ በሦስተኛው ቅዳሜ ብሩሽ ከማንሣታችን በፊት ከዘጠኙ ሴቶች ጋር ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ጠየቅናቸው። መልሳቸው ከጠበቅነው ፈጽሞ ተለየ። ለመስኮቱ ካሰብነው የዳንቴል መጋረጃ ይልቅ በአልጋና በአልጋ መካከል የሚዘረጋ ወፍራም መጋረጃ ፈለጉ፤ ልብስ ሲለውጡም ሲያለቅሱም እንዳይተያዩ። ለእያንዳንዳቸው ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ለመኑ። ስለ ቀለሙ ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ፣ የግድግዳው የታችኛው ክፍል በውኃ የሚታጠብ ቡናማ ዘይት ቀለም፣ የላይኛው ደግሞ ነጭ እንዲሆን ተስማሙ። ቡናማው ለእኛ ዐይን አያምርም ነበር፤ ነገር ግን ክፍሉን በየቀኑ የሚያጸዱት እነርሱ ናቸው። አንዲቱ በግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኛ ሆና የቆየች ስለ ነበረች፣ ስቱኮውን እንዴት አሳስተን እንደምንቀባ አሳየችን፤ ያለፈው ሳምንት ሥራችን ላይም ሳቀች። በዚያን ቀን ሴቶቹ ከዛፍ ሥር አልተቀመጡም፤ አብረውን ቀቡ።

ያቺ እናት የመጨረሻዋ ክር በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥራ ቀርታላት ነበር። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ክሩን ዘርግታ አንድ መስመር አሰመረች። የቀሩት ሦስቱ ግን አልተመለሱም፤ ሊመለሱም አይችሉም። በቅን አሳብ የተደረገ ጥፋትም ጥፋት መሆኑን እንዳንረሳ ይህን እንጽፋለን።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሥራውን ጨርሰን ልንሰነባበት ስንል፣ ከሴቶቹ አንዲቱ «እናንተ ሥራ ለመግባት ተያዥ ትሆኑን ይሆን?» ስትል ጠየቀችን። እንደሚታወቀው በአገራችን አሠሪዎች የቤት ሠራተኛ ሲቀጥሩ ተያዥ ይሻሉ፤ በከተማው ዘመድ የሌላት ሴት ደግሞ ተያዥ አታገኝም። ያን ጊዜ ዝም አልን። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ያልሰሰተ ሰው ስሙን ለመስጠት ሲጠየቅ ሰሰተ። ብትሰርቅስ? ብትጠፋስ? አልን በልባችን። ከዐሥራ ሁለታችን በዚያን ዕለት እሺ ያሉት ሁለት ናቸው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተግባር ባወጣው ድንጋጌ ቁጥር 8፣ ምጽዋት እንዴት እንደሚደረግ አስተምሯል። የተቀባዩ ነጻነትና ክብር በጥንቃቄ እንዲጠበቅ፣ ሰጪው የራሱን ጥቅም ወይም የበላይነት እንዳይሻ፣ በፍትሕ የሚገባው ነገር እንደ ቸርነት ስጦታ ሆኖ እንዳይቀርብ፣ የችግሩም መንሥኤ እንዲወገድና ተረጂዎች ቀስ በቀስ ራሳቸውን እንዲችሉ ያሳስባል። ይህን ትምህርት ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። የሰማነው ግን በሌሎች ላይ ስንፈርድበት እንጂ በራሳችን ሥራ ላይ ስንመዝንበት አልነበረም። በዚህ ሚዛን ብንመዘን፣ የመጀመሪያውን በሮዝ ቀለም ጥሰናል፤ የመጨረሻውን ደግሞ በዝምታችን። ያልተከፈላት ደመወዝ በቀለም አይተካም፤ መውጫ በር የሌለው መጠለያም ምንም ቢያምር መጠለያ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ስንል ግን ክፍል ማደስ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ባናድስ ኖሮ ሴቶቹን አናውቃቸውም ነበር፤ ጥያቄያቸውንም ባልሰማን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ እግዚአብሔር ፍቅር በጻፉት መልእክታቸው፣ ስጦታ ተቀባዩን እንዳያዋርድ ሰጪው ራሱን መስጠትና በስጦታው ውስጥ መገኘት እንዳለበት አስተምረዋል። ብሩሽ ይዞ በአንድ ክፍል መገኘት የዚህ መጀመሪያ ነው። ፍጻሜው ግን ብሩሹ ከታጠበ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ መመለስ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ወጣቶችን ለበጎ ሥራ ስታሰማሩ ቀለሙና ብሩሹ ከመገዛቱ በፊት አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ሄደው ቁጭ እንዲሉና እንዲያዳምጡ አድርጓቸው። በግድግዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ እድፍ እንዳልሆነ አስተምሯቸው። ምእመናን ሆይ፤ ከእኛ ጋር በዚያ ደጃፍ ዝም ያላችሁም እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ያቺ ሴት ያቀረበችው ጥያቄ ዛሬም መልስ ይጠብቃል። ስማችንን ለድኻ ዋስ ለማድረግ የምንፈራ ከሆነ፣ ስሙን ለእኛ ዋስ ያደረገውን ጌታ እናስብ።

እርሱ ከመስጠታችን በፊት መጠየቅን፣ ከጠየቅንም በኋላ መልሱን መሸከምን ያስተምረን።