ኢያራ፣ ሎዶቅያ፣ ቆላስይስ፦ ጎረቤት ሆነው የማይመሳሰሉ ከተሞች

   

የዛሬው ንባባችን ቆላስይስ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 7 እስከ 18 ነው። ብዙ ጊዜ ዘለነው የምናልፈው ክፍል ነው። የስም ዝርዝር ይመስላላ! እገሌ ሰላም ይላችኋል፣ እገሊትን ሰላም በሉልኝ። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ከሀገር ቤት የሚመጣ ደብዳቤ መጨረሻው እንዲህ አይደል? ደብዳቤውን ጨርሳችሁ ስሞቹን ደግማችሁ የምታነቡ እኔ ብቻ አይደለሁም መቼም።

በዚህ ክፍል ሦስት ከተሞች አብረው ተጠርተዋል፤ ቆላስይስ፣ ሎዶቅያና ኢያራ። ሦስቱም ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር፣ ደኒዝሊ በሚባለው ክፍል፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ነበሩ። ጠዋት ከአንዱ የተነሳ ሰው በእግሩ ሌላው ጋ ውሎ ያድራል። ከሎዶቅያ ቆሞ ሸለቆውን አሻግሮ የሚያይ የኢያራን ነጭ ተራራ ያየዋል። ይሁን እንጂ ጠባያቸው ፈጽሞ አንድ አልነበረም።

ኢያራ የፍል ውሃ ከተማ ነች፣ የእኛን ፍልውሃ አስቡ። ውሃው ከተራራው ሲወርድ ኖራ እየጣለ ድንጋዩን እንደ ጥጥ አንጥቶታል፤ ዛሬም ፓሙካሌ ተብሎ ብዙ አገር ጎብኚ የሚሄድበት ነው። በሽተኛው ሊታጠብ ይመጣል፣ ሀብታሙም ሊዝናና። ከጣዖቱ ቤት አጠገብ ደግሞ መጥፎ አየር የሚወጣበት ዋሻ ነበር፤ በሬ ቢያስገቡበት ይወድቃል፣ ወፍ ቢወረውሩበት ይሞታል። ስትራቦን የሚባለው የጥንት ጸሐፊ ራሱ ድንቢጥ ወርውሮ እንዳየ ጽፏል። ፈውስ የሚፈለግበትና ሞት የሚፈራበት ቦታ ጎን ለጎን ማለት ነው።

ሎዶቅያ ደግሞ የገንዘብ ከተማ ነች። በሚያብረቀርቅ ጥቁር የበግ ጠጉር የታወቀች፣ ሐኪሞችም የሚማሩባት። በ60 ዓ.ም. ገደማ የመሬት መናወጥ ሲያፈርሳት ከሮም መንግሥት እርዳታ ሳትቀበል በራሷ ገንዘብ ተሠራች። ራእይ ምዕራፍ 3ን ይህን ይዛችሁ አንብቡት። ባለጠጋ ነኝ፣ ምንም አያስፈልገኝም የምትለው ቤተ ክርስቲያን የቆመችው እንዲህ ባለች ከተማ ነው። ጌታም ከእኔ ግዢ ያላት ወርቅ፣ ነጭ ልብስና የዓይን ኩል ነው። የባንክ አገር ለሆነች ወርቅ፣ ጥቁር ሱፍ ለምትሸጥ ነጭ ልብስ፣ ሐኪም ለሞላባት የዓይን መድኃኒት! ጠባይዋን አውቆ ነው የተናገራት።

ለብ ያለ ስለሚለው ቃል አንዳንድ ሰባኪ የኢያራ ፍል ውሃ በቧንቧ ሲመጣ መንገድ ላይ እየበረደ ነው ይላል። ጥሩ ስብከት ነው፣ ግን የሎዶቅያ የድንጋይ ቧንቧ የመጣው ከደቡብ በኩል እንጂ ከኢያራ አይደለም። ቧንቧው ዛሬም ይታያል፣ ውስጡ በኖራ ተደፍኗል። ሙቁ ውሃ በጎረቤት፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሌላ ጎረቤት ሆኖ የእሷ ግን ከሩቅ በቧንቧ የሚመጣ ነበር ማለት ይበቃል።

ቀዝቃዛው የቆላስይስ ነው፣ ከሆናዝ ተራራ የሚወርድ። ቆላስይስ ከሁለቱ ይልቅ ጥንታዊ ነች። ከጌታ ልደት 400 ዓመት ቀደም ብሎ ትልቅና ሀብታም ከተማ ተብላ ተጽፎላታል። በጳውሎስ ዘመን ግን ሎዶቅያ በልጣት ደብዝዛ ነበር። ዛሬ ብትሄዱ የምታዩት ጉብታ ነው። ታዲያ በስሟ መልእክት ተጽፎላት እስከ ዛሬ የምናነበው ለዚህች ለተረሳችው ነው። ለሎዶቅያ የተላከው ደብዳቤ በእጃችን የለም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኔ ሻርጃ ሁለት ኮንትራት ሠርቻለሁ፣ አሁን ዱባይ ነኝ፤ ስለዚህ የሁለቱንም ወሬ ሰምቻለሁ። ሻርጃና ዱባይ አጥር እንኳ የላቸውም። አል ናህዳ የሚባለው ሰፈር በሁለቱም ወገን ስሙ አንድ ነው፣ መንገድ ስትሻገሪ ከተማ ቀየርሽ። ግን ሻርጃ መጠጥ ክልክል ነው፣ ከሰባቱ ኤሚሬቶች እሷ ብቻ ነች እንዲህ ያለችው። ስለ አለባበስም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ደንብ አለ። መጽሐፍና ሙዚየም ትወዳለች፣ በ2019 የዓለም የመጽሐፍ ከተማ ተብላ ተሹማለች። ዱባይ ደግሞ ሆቴሉ፣ ፎቁ፣ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ያለባት ነች። የዕረፍት ቀን እንኳ አልተስማሙም። ከጥር 2022 ወዲህ ዱባይ ዓርብ ግማሽ ቀን ሠርታ ቅዳሜና እሁድ ስታርፍ፣ ሻርጃ ግን ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ብላ ሦስት ቀን አደረገችው። ያ የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንጂ የእኛ ቀን በማዳም እጅ ነው፣ እሱን ታውቁታላችሁ። ሕጉ በሳምንት አንድ ቀን፣ ካልሆነም ምትክ ወይም ክፍያ ይላል።

ታዲያ የከተማው ጠባይ እኛም ላይ ተጋባ። የዱባይ እህቶች የሻርጃዎቹን «ገና ከገጠር አልወጡም» ይላሉ። የሻርጃዎቹ ደግሞ «ዱባይ የገባች እህት ነጠላዋንም ጸሎቷንም ጥላለች» ይላሉ። ይባስ ብሎ፣ ከቤት ወጥታ በፍሪ የምትሠራ እህት በአንዱ ጉባኤ ስትመጣ ወንበር ይሰጣታል፣ በሌላው ግን ሰላም የሚላት ታጣለች። «ጠፍታ ነው» ይባላል። ይህን ነው ዛሬ ልናገር የፈለግኩት።

ቁጥር 9ን እዩ። ደብዳቤውን ይዞ ከቲኪቆስ ጋር የሚመጣው አናሲሞስ ነው። አናሲሞስ ማን ነው? የፊልሞና ባሪያ፣ የሰው ቤት አገልጋይ፣ እንደ እኛ የሚላክና የሚጠራ። ሸሽቶ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ መልእክቱ ግን ተለይቶ ነበር ይላል እንጂ ሸሸ ብሎ በግልጽ አልጻፈም። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲያስተዋውቀው ባሪያ አላለውም፣ ጠፊም አላለውም። የታመነና የተወደደ ወንድም፣ ከእናንተ ወገን የሆነ አለው። ያ ሁሉ ሕዝብ ተሰብስቦ በሚሰማበት!

አንዳንዶች ይህን ይዘው «እንግዲህ አንቺም ወደ ማዳምሽ ተመለሺ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጳውሎስ አናሲሞስን ብቻውን አልላከውም፣ ቲኪቆስ አብሮት ነበር። ባዶ እጁን አልላከውም፣ ደብዳቤ አስይዞታል። የፊልሞናን መልእክት አንብቡ፦ ዕዳ ካለበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ፈርሟል። ደብዳቤውም ለጌታው ለብቻው አልተጻፈም፣ ለአፍብያም፣ ለአክሪጳም፣ በቤቱ ላለችው ቤተ ክርስቲያንም ነው። ጌታው በጓዳ ደብቆ እንዳሻው ሊያደርግ አይችልም፣ ጉባኤው ሰምቷል። እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ተቀበለው ተብሏል። የምትደበደብና ደሞዟ የተከለከለባትን ልጅ ያለ ሰው፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ አንድ ድርሃም «ተመለሺ» የሚል ሰው ግን የጳውሎስን ሥራ አልሠራም። ልትመለስ ካለች አብሯት የሚሄድ፣ ዕዳዋን የሚካፈል፣ ነገ ደውሎ የሚጠይቅ ይኑር። ልትመለስ ካልፈለገችም ወደ ቆንስላ፣ ወደ ሥራ ቢሮ አብሯት የሚሄድ ሰው ይኑር። እስከዚያው ግን አጠገቧ ቁጭ በሉ።

ሌላም አለ። ጳውሎስ የሎዶቅያንም የቆላስይስንም ሰዎች ብዙዎቹን ፊት ለፊት አያውቃቸውም፣ ራሱ በምዕራፍ 2 ይናገረዋል። እሱ እስር ቤት ነው፣ እነሱም ሩቅ ናቸው። በወረቀት ነው የተገናኙት። ኤጳፍራ የሚባለው የቆላስይስ ልጅ ደግሞ ለሦስቱም ከተማ በጸሎት ይጋደል ነበር፣ ለራሱ ከተማ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቁጥር 16 ይመጣል፦ ይህ ደብዳቤ እናንተ ዘንድ ከተነበበ በኋላ ለሎዶቅያ ይነበብ፣ የእነሱንም እናንተ አንብቡ። ሀብታሟ ከተማ የደከመችውን ደብዳቤ ትሰማለች፣ የደከመችውም የሀብታሟን። ኢያራ ኢያራ ሆና፣ ሎዶቅያም ሎዶቅያ ሆና ነው። ጠባያችሁን አስተካክላችሁ አንድ ሁኑ አላላቸውም፣ ተለዋወጡ እንጂ።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። የዱባይ ኮፒ ተነቦ ሲያልቅ ከዩኒየን ጣቢያ ወደ ጁበይል የምትሳፈር እህት ይዛው ትሂድ፤ የሻርጃዎቹም የጸሎት ርዕሳቸውን ጽፈው በዚያው አውቶቡስ ይላኩልን። ከቤት የማትወጣ እህት የምታውቁ፣ ልብስ ስታሰጣ በሰገነት የምታዩዋት እንኳ ብትሆን፣ ለእሷ አንድ ኮፒ አስቀሩ። በዳቦ ከረጢት አጥፋችሁ ብትሰጧት ማንም አያስተውልም። ስሟን ካወቃችሁ በእስክሪብቶ ከላይ ጻፉላት፣ ሰላምታም ጨምሩበት።